ሰክራ የመጣችን ሴት ማን ያስገባታል?

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ከባሎቻቸው ዱላ ሸሽተው ለሚመጡ ሴቶች ጊዜያዊ መጠለያ የሚሰጥ አንድ ድርጅት የውስጥ መተዳደሪያ ደንብ እንዳረቅለት ጠየቀኝ፡፡ ሥራው ያለ ክፍያ ነበር፡፡ የመጠለያው አድራሻ በምስጢር የሚያዝ በመሆኑ፣ እኔም ወንድ በመሆኔ፣ ደንቡን ያረቀቅሁለትን ቤት በዓይኔ አይቼው አላውቅም፡፡ የት ሰፈር እንደሆነ እንኳ አልተነገረኝም፡፡ ለነገሩ ሕግ የሚሠራበትን ቦታ ሳያዩ ሕግ ማርቀቅ በአገራችን አዲስ ነገር ስላልሆነ ብዙም አልከበደኝም፡፡

ደንቡ 23 አንቀጾች ነበሩት፡፡ አንቀጽ 7 እንዲህ ይላል፤ «በአልኮል ወይም በሌላ አደንዛዥ ነገር ተጽዕኖ ሥር ያለች ሴት ወደ መጠለያው አትገባም፤ ከገባች በኋላ በዚህ ሁኔታ ከተገኘችም ወዲያውኑ ትሰናበታለች፡፡» ይህን አንቀጽ ለመጻፍ አምስት ደቂቃ የፈጀብኝ አይመስለኝም፡፡ ስለ ንብረት ርክክብ የሚደነግገው አንቀጽ ይበልጥ አድክሞኛል፡፡

ከሁለት ዓመት በኋላ የመጠለያው ኃላፊ ቢሮዬ መጡ፡፡ ለወቀሳ አልነበረም፣ አንቀጽ 7 ይሻሻልልን ለማለት ነው፡፡ ምክንያቱን ስጠይቃቸው ይህን ነገሩኝ፡፡ አንድ ቀን ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ ፖሊስ አንዲት ሴት ይዞ ይመጣል፡፡ አረቄ እያወጣች በመሸጥ የምትተዳደር ሴት ናት፡፡ ፊቷ አብጧል፣ አፏ አረቄ ይሸታል፡፡ ተረኛዋ ደንቡን አውጥታ አንቀጽ 7ን ለፖሊሱ አነበበችለትና «ሲለቃት ይዛችኋት ኑ» ብላ በሩን ዘጋች፡፡ ፖሊሱም የሚያሳድርበት ቦታ ስላልነበረው ሴትየዋን ወደምታውቀው ብቸኛ ቤት መለሳት፡፡ ከዘጠኝ ቀን በኋላ እንደገና መጣች፡፡ በዚህኛው ጊዜ መንጋጋዋ ተሰብሯል፡፡ አልጠጣችም፡፡ መጠጣትም አትችልም ነበር፡፡ ስለዚህ አንቀጽ 7ን አሟልታ ገባች፡፡

ኃላፊዋ ይህን ሲነግሩኝ ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም፡፡ እኔ ግን በሙያ ልማድ መከራከር ጀመርኩ፡፡ በቤቱ ውስጥ ሕፃናት አሉ፤ ገንዘብ የሚሰጡ ለጋሾች ምን ይላሉ፤ ከሰካራም ባል ሸሽታ የመጣች እናት ከሌላ ሰካራም ጋር አንድ ክፍል ትደር ወይ፤ እያልኩ ደረደርኩ፡፡ ክርክሬ ከንቱ አልነበረም፣ ዛሬም ከፊሉን አምንበታለሁ፡፡ ሴትየዋ ግን «እንግዲያው እርስዎ ያስቡበትና ይንገሩኝ» ብለውኝ ሄዱ፡፡

የእህቴ ልጅ በካናዳ፣ በቫንኩቨር ከተማ፣ በአንድ የሴቶች የአስቸኳይ ጊዜ መጠለያ የሌሊት ተረኛ ናት፡፡ እናቷ ለጎረቤት የምትናገረው «ሆስፒታል ነው የምትሠራው» እያለች ነው፡፡ እሷ ጠዋት ከሥራ ስትወጣ እዚህ አመሻሽ ስለሚሆን አልፎ አልፎ ትደውልልኛለች፡፡ ያን ሰሞን ስትደውል ነገሩን ሳጫውታት ትንሽ ዝም አለችና «ጋሼ፣ ያንተ አንቀጽ 7 እኛ ጋ ቢኖር ቤቱ ባዶውን ያድር ነበር» አለችኝ፡፡ ከዚያ ወዲህ ባሉት ወራት እሷን በመጠየቅና ያገኘሁትን በማንበብ የተረዳሁትን ነው ዛሬ ለአንባቢ ማካፈል የፈለግሁት፡፡

እሷ የምትሠራበት አሠራር «የጉዳት ቅነሳ» ይባላል፡፡ ሐሳቡ ቀላል ነው፡፡ ሰው ሱሱን እንዲተው መርዳት ጥሩ ነው፤ ነገር ግን እስኪተው ድረስ በሕይወት መቆየት አለበት፡፡ ስለዚህ እርዳታው «መጀመሪያ ተው» በሚል ቅድመ ሁኔታ አይታሰርም፡፡ ይህ ለእኛ እንግዳ የሚመስል ካለ ወደ ኋላ ያስታውስ፡፡ ኤችአይቪ ኤድስ ቤታችንን ሲያንኳኳ መታቀብ ይሻላል፣ ያልቻለ አንድ ለአንድ ይወሰን፣ ይህንንም ያልቻለ ኮንዶም ይጠቀም እያልን ተመካክረናል፡፡ «ሕይወት ትረስት» በየኪዮስኩ ሲሸጥ ዝሙትን ማበረታታት ነው ብለው የተቆጡ ብዙዎች ነበሩ፡፡ ጉዳት ቅነሳ ማለት ያው ነው፡፡ በዕፅ በኩልም የመጣው በዚያው ዘመን ነው፡፡ በሆላንድ አምስተርዳም እ.ኤ.አ. በ1984 ያገለገለ መርፌን በንጹሕ መቀየር ተጀመረ፣ ብዙም ሳይቆይ በእንግሊዝ ሊቨርፑልና አካባቢው ተስፋፋ፡፡

ቫንኩቨር በዚህ ረገድ ስሟ የሚነሳው ዳውንታውን ኢስትሳይድ በሚባለው ድሃ ሰፈሯ ነው፡፡ በዚህ ሰፈር እ.ኤ.አ. በመስከረም 2003 ኢንሳይት የተባለ ጣቢያ ተከፈተ፡፡ ሰዎች ራሳቸው ያመጡትን ዕፅ በነርሶች ዓይን ሥር በንጹሕ መርፌ የሚወጉበት፣ በሰሜን አሜሪካ በሕግ የተፈቀደ የመጀመሪያው ቦታ ነው፡፡ ለሕግ ሰው የዚህ ቦታ ታሪክ ከሕክምናው ይልቅ በፍርድ ቤቱ በኩል ይጥማል፡፡

ነገሩ እንዲህ ነው፡፡ በካናዳ ጤና በአብዛኛው የክፍላተ ሀገሩ ሥልጣን ሲሆን የወንጀል ሕግ ደግሞ የፌዴራሉ ነው፡፡ ዕፅ መያዝ ወንጀል ስለሆነ ኢንሳይት ሊሠራ የሚችለው የፌዴራሉ የጤና ሚኒስትር ከሕጉ ነፃ የሚያደርግ ፈቃድ ከሰጠ ብቻ ነበር፡፡ መንግሥት ተቀየረና እ.ኤ.አ. በ2008 ሚኒስትሩ ፈቃዱን አላድስም አሉ፡፡ ክርክሩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ፡፡ መንግሥት ካቀረባቸው ነጥቦች አንዱ ለጉዳቱ ምክንያቱ ሕጉ ሳይሆን የሰዎቹ የራሳቸው ምርጫ ነው የሚል ነበር፡፡ ወደው ወስደው እኛን ለምን ትጠይቁናላችሁ ማለት ነው፡፡ ፍርድ ቤቱ አልተቀበለውም፡፡ በሥር ፍርድ ቤት ሱስ በሽታ መሆኑ በማስረጃ ተረጋግጧል፤ ፖሊሲው በሥነ ምግባር ይወደስ ይነቀፍ የሚለውም ሰው በሕይወት የመኖር መብቱ ተነክቷል ወይ ከሚለው ጥያቄ የተለየ ነው አለ፡፡ እ.ኤ.አ. መስከረም 30 ቀን 2011 ዘጠኙም ዳኞች በአንድ ድምፅ፣ ፍርዱን በፕሬዚዳንቷ በቤቨርሊ ማክላክሊን አማካይነት ጽፈው፣ የሚኒስትሩ እምቢታ የሕይወትንና የአካል ደህንነትን መብት የሚጥስ ዘፈቀዳዊ ውሳኔ ነው በማለት ፈቃዱን እንዲሰጡ አዘዙ፡፡ በዚያው ዓመት ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት ጣቢያው በተከፈተበት በ500 ሜትር ዙሪያ ከመጠን በላይ በመውሰድ የሚሞቱ ሰዎች ቁጥር በ35 በመቶ መቀነሱን አሳየ፡፡ በቀረው የከተማዋ ክፍል ቅናሹ 9 በመቶ ገደማ ነበር፡፡

ሴቶች ግን ወደ እንዲህ ያለው የጋራ ቦታ መሄድ ያስፈራቸው ነበር፤ የሚሸሹት ሰውየም እዚያው ተሰልፎ ሊሆን ይችላላ! በተለይ በዚህ ሰፈር ፍርሃቱ ከባዶ የመጣ አልነበረም፡፡ ለዓመታት ከሰፈሩ ሴቶች በየጊዜው ይጠፉ ነበር፡፡ ብዙዎቹ ድሆች፣ ዕፅ ተጠቃሚዎችና የአገሬው ነባር ሕዝብ ተወላጆች ስለነበሩ የጠፉ ሰዎች ተብለው በቅጡ አልተፈለጉም፡፡ እ.ኤ.አ. በ2002 ሮበርት ፒክተን የተባለ የአሳማ እርባታ ባለቤት ተያዘ፤ በ2007 በስድስት ሴቶች ግድያ ተፈረደበት፡፡ በኋላ የተቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን በ2012 ባወጣው ሪፖርት ፖሊስ ግዴታውን እንዴት እንዳልተወጣ በዝርዝር አሳይቷል፡፡ ሰክራለች፣ ወስዳለች የተባለች ሴት ቤት ብቻ ሳይሆን ፈላጊም ታጣለች ማለት ነው፡፡ ሲስተርስፔስ የተባለው ለሴቶች ብቻ የሆነ ጣቢያ በዚያው ሰፈር በ2017 የተከፈተው ይህን ሁሉ ካየ በኋላ ነው፡፡

አሁን ወደ የእህቴ ልጅ ሌሊት እንግባ፡፡

«በሩ ላይ መጀመሪያ የምንጠይቃት ምን ወሰድሽ ብለን አይደለም» ትለኛለች፡፡ «የሚከተልሽ ሰው አለ ወይ ነው የምንላት፡፡ ምን ወሰድሽ፣ መቼ፣ ምን ያህል የሚለው ከዚያ በኋላ ነው፡፡ እሱንም የምንጠይቀው ሌሊት ስንት ጊዜ ገብተን ትንፋሿን ማየት እንዳለብን ለማወቅ ነው፡፡» ሴትየዋ እውነቱን የምትናገረው በመናገሯ እንደማትባረር ስለምታውቅ ነው፡፡ እንደ እኔ አንቀጽ 7 ያለ ደንብ ባለበት ቤት ግን ትዋሻለች፡፡ ሽንት ቤት ገብታ ቆልፋ፣ ተጣድፋ ትወጋለች፡፡ ሰው የሚሞተው ደግሞ እንዲህ ብቻውን ሲሆን ነው፡፡ ስለዚህ በእነሱ ቤት የሽንት ቤቱ በር ወደ ውጭ የሚከፈት ነው (ሰው በሩ ሥር ቢወድቅ ወደ ውስጥ መግፋት አይቻልምና)፤ ግድግዳው ላይ ያገለገለ መርፌ የሚጣልበት ጠንካራ ሣጥን አለ፤ ተረኛዋም በየጥቂት ደቂቃው እያንኳኳች ስም ትጠራለች፡፡

በዚያ አገር አሁን ገዳዩ ፈንታኒል ነው፡፡ ከሞርፊን እስከ መቶ እጥፍ የሚበረታ፣ በጥቂቱ የሚገድል ነገር፡፡ የሚገድለውም አንጎል መተንፈስን እንዲረሳ በማድረግ ነው፡፡ ከንፈር ይጠቁራል፣ ማንኮራፋት የሚመስል ድምፅ ይሰማል፣ ከዚያ ዝም ይላል፡፡ በየቢሮው ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ናሎክሶን የሚባል መድኃኒት አለ፡፡ አምቡላንስ ይጠራል፣ በአፍ ትንፋሽ ይሰጣል፣ መድኃኒቱ ጭን ላይ ይወጋል ወይም አፍንጫ ውስጥ ይነፋል፣ ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ትንፋሽ ካልተመለሰ ይደገማል፡፡ ናሎክሶን ዕፁን ካለበት ቦታ ገፍቶ የሚያስለቅቅ ስለሆነ የተዘጋው ትንፋሽ ይመለሳል፡፡ ሆኖም ኃይሉ ከ30 እስከ 90 ደቂቃ ብቻ ነው፤ ዕፁ ከዚያ በላይ ሊቆይ ስለሚችል የነቃችው ሴት ተመልሳ ልትወድቅ ትችላለች፡፡ በአልኮልና በእንቅልፍ ክኒን ላይ ደግሞ ጨርሶ አይሠራም፡፡ «ነቅታ ትሰድበናለች» ትላለች የእህቴ ልጅ እየሳቀች፡፡ መድኃኒቱ ዕፁን ሲነጥቃት ሱሷ በአንድ ጊዜ ስለሚነሳባት ያማታል፣ ይበርዳታል፣ ትናደዳለች፣ ልሂድ ትላለች፡፡ የሌሊቱ ሥራ ከዚህ በኋላ ነው የሚከብደው፡፡ ብርድ ልብስ ደርቦ፣ ሻይ አፍልቶ፣ ተሰድቦ፣ እንዳትወጣ መለመን ነው፡፡

እኔ ፈጽሞ ያላሰብኩት ሌላ ነገርም ነገረችኝ፡፡ ብዙ ጊዜ ዕፁን የሚያመጣላትም፣ አንዳንዴ በእጁ የሚወጋትም፣ የሚደበድባት ሰው ራሱ ነው፡፡ እሱን ትታ ስትወጣ ዱላውን ብቻ ሳይሆን መድኃኒቷን ነው ትታ የምትወጣው፡፡ የመጀመሪያዋን ሌሊት የምታሳልፈው በሱስ መነሳት እየተንቀጠቀጠች ነው፡፡ መጠለያው አይሆንም ካላት የሚሆንላት ሰው መንገዱን ተሻግሮ ቆሟል፡፡ ስለዚህ ጠዋት ሐኪም ዘንድ ወስዶ ሜታዶን ወይም ሌላ የሚተካ መድኃኒት ማስጀመር ከባሏ የመለያየቱ ሥራ አንዱ ክፍል ነው እንጂ ሌላ ጉዳይ አይደለም፡፡ ስትፈልግ ነው ታዲያ፡፡

የሕፃናቱን ነገር ጠየቅኋት፡፡ እዚህ ላይ መልሷ አጭር ሆነብኝ፡፡ እሷ የምትሠራበት ቤት ልጅ ያላቸውን አይቀበልም፣ እነሱ ወደ ሌላ ቤት ይላካሉ፤ እዚያ ደንቡ ይጠብቃል፡፡ ውጤቱም እናቶቹ መደበቃቸው ነው፤ እወስዳለሁ ያለች እናት ልጇን እነጠቃለሁ ብላ ትሰጋለች፡፡ በቫንኩቨር ሼዌይ የተባለ፣ ከ1993 ጀምሮ ለነፍሰ ጡሮችና ለትንንሽ ልጆች እናቶች ምግብና ሕክምና የሚሰጥ፣ ልጆቻቸው ከእጃቸው እንዳይወጡ የሚያግዝ ፕሮግራም አለ፡፡ ለጥያቄዬ የተሻለው መልስ እሱ ይመስለኛል፤ ሙሉ መልስ ግን አይደለም፡፡

ቫንኩቨር ገነት ናት እያልኩ እንዳይመስልባችሁ፡፡ ክፍለ ሀገሩ፣ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ፣ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2016 የሕዝብ ጤና አስቸኳይ ጊዜ አውጇል፤ በ2023 ብቻ ከ2,500 በላይ ሰው በዕፅ መርዝ ሞቷል፡፡ በዚያው ዓመት ጥር መጨረሻ እስከ 2.5 ግራም ለግል መያዝ ወንጀል እንዳይሆን ለሦስት ዓመት የሚቆይ ሙከራ ተጀምሮ፣ በየአደባባዩ መውሰዱ ነዋሪውን ስላስመረረ በ2024 ግንቦት በእጅጉ ተጠበበ፡፡ ተቺዎቹ ጉዳት ቅነሳ ሰውን ሱስ ውስጥ ያቆያል ይላሉ፡፡ መንገድ ላይ ምን ይፈቀድ የሚለው ክርክር ግን አንዲት የቆሰለች ሴት በር ላይ ቆማ ትግባ አትግባ ከሚለው ጋር አንድ አይደለም፡፡ እኔ ሁለቱን አደባልቄ ነበር፡፡ የእህቴ ልጅም ቢሆን ሁልጊዜ እርግጠኛ አይደለችም፡፡ አንዲት ለወራት የምታውቃት ሴት፣ ሌሊቱን በሰላም አሳድረዋት፣ ከሰዓት በኋላ ሆቴል ክፍል ውስጥ ብቻዋን ሞታ ተገኘች፡፡ ይህን ከነገረችኝ በኋላ ለሦስት ሳምንት አልደወለችም፡፡

ወደ እኛ ልመለስ፡፡ የእኛ መጠለያዎች ችግር በአብዛኛው ፈንታኒል ሳይሆን አረቄና ጠላ፣ ጫት፣ አንዳንዴም ክኒን ነው፡፡ እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ካገቡ ሴቶች 34 በመቶ ያህሉ ከትዳር ጓደኛ አካላዊ፣ ወሲባዊ ወይም ስሜታዊ ጥቃት እንደደረሰባቸው ያሳያል፡፡ ባል ደብድቦ ሲገኝ ሽማግሌ የሚለውን እናውቃለን፡፡ «ጠጥቶ ነው፣ ልማዱ አይደለም» ይባላል፡፡ ሚስት ተደብድባ ሲገኝስ? «እሷም እኮ ትጠጣለች፡፡» ያው አንድ ብርጭቆ አረቄ ለእሱ ይቅርታ መጠየቂያ፣ ለእሷ መክሰሻ ይሆናል፡፡ አንቀጽ 7ም ይህንኑ የሽማግሌ ፍርድ በቁጥር አድርጎ የጻፈ ነው፡፡

በሕግ ዓይንም ስመረምረው አፈርኩ፡፡ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸምን ጥቃት ይቀጣል፡፡ ተጎጂዋ ጠጥታ ከሆነ አይመለከትም የሚል ቃል የለውም፡፡ አንቀጽ 575 ደግሞ ሕይወቱ፣ አካሉ ወይም ጤናው በከባድ አደጋ ላይ ያለን ሰው፣ በራሱም ሆነ በሌላ ላይ ጉዳት ሳያደርስ መርዳት እየቻለ፣ ሆነ ብሎ ሳይረዳ የቀረን ሰው ይቀጣል፡፡ ተረኛዋ ወንጀል ሠራች አልልም፡፡ ግን የእኔ ደንብ ለዚህ ድንጋጌ በጣም የቀረበ ነገር እንድታደርግ አዝዟታል፡፡ ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 16 ከአካል ጉዳት የመጠበቅን መብት ለማንኛውም ሰው ነው የሰጠው፡፡ አረቄና ጫት በሕግ የተከለከሉ አይደሉም፡፡ የተከለከለ ዕፅ ከሆነ አንቀጽ 525 መጠቀምንም ስለሚቀጣ ቤቱ ዕፅ ሊያስቀምጥ ወይም እንዲወሰድበት ሊፈቅድ አይችልም፤ ኢንሳይትን እዚህ እንክፈት የሚል የለም፡፡ ሆኖም ወስዳ የመጣችን ሴት አስገብቶ ማሳደር የዕፅ ወንጀል አይደለም፡፡ ወንጀልን ባለማስታወቅ የሚያስጠይቀው አንቀጽ 443ም በመርህ ደረጃ የሚናገረው በሞት ወይም በዕድሜ ልክ ጽኑ እሥራት ስለሚያስቀጡ ወንጀሎች ነው፡፡

አንድ የሕክምና ነገር ልጨምር፣ ይህንን የነገረችኝም የእህቴ ልጅ ናት፡፡ ለዓመታት በየቀኑ ብዙ የጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም ከ6 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ሊያንቀጠቅጠው፣ የሚጥል በሽታ እንዳለበት ሊያንፈራግጠው፣ ሊያቃዠው ይችላል፡፡ ሳይታከም ሊገድልም ይችላል፡፡ «መጠለያ ከገባሽ ከዛሬ ጀምሮ አትጠጪም» የሚለው ትእዛዝ ያለ ሐኪም ሲሆን ራሱ አደጋ ነው ማለት ነው፡፡ ያቺ አረቄ ሻጭ መንጋጋዋ ተሰብሮ ከገባች በኋላ በሁለተኛው ሌሊት «ሰይጣን ለከፋት» ተብሎ ጠበል ይወሰዳት አይወሰዳት ክርክር እንደነበር ኃላፊዋን ደውዬ ስጠይቃቸው ነገሩኝ፡፡ ደግነቱ አንዲት ነርስ ደርሳ ሆስፒታል ወሰደቻት፡፡

አዲሱን አንቀጽ 7 ጽፌ ሰጥቻለሁ፡፡ እንዲህ ይላል፤ «ማንኛዋም ሴት ጠጥታ ወይም ሌላ ነገር ወስዳ በመምጣቷ ብቻ አትከለከልም፣ አትሰናበትም፡፡ ተረኛዋ ምን፣ መቼና ምን ያህል እንደወሰደች ጠይቃ ትመዘግባለች፤ በጎን አስተኝታ በየግማሽ ሰዓቱ ትንፋሿን ታያለች፤ ካልነቃች፣ ከተንቀጠቀጠች ወይም ከቃዠች ወደ ሕክምና ትወስዳለች፡፡ በሌሎች ላይ የምትዝት ወይም የምትማታ ከሆነች ለብቻዋ እንድታድር ይደረጋል፡፡» ይህን ለመጻፍ ሁለት ሳምንት ፈጅቶብኛል፡፡

ቦርዱ ገና አላጸደቀውም፡፡ ሦስት ጥያቄ መልሶልኛል፡፡ ለብቻዋ የምታድርበት ትርፍ ክፍል የለንም ይላል፤ እውነት ነው፣ ያለው ስምንት አልጋ በሦስት ክፍል ነው፡፡ በየግማሽ ሰዓቱ የምትነሳ ሁለተኛ የሌሊት ተረኛ ደመወዝ ከየት ይመጣል ይላል፡፡ ሦስተኛው ስለ ሕፃናቱ ነው፡፡ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ጥያቄዎች ግምታዊ ወጪ እየሠራን ነው፤ ዕቃ ቤቱን ወደ መኝታ ክፍል መቀየር ይቻላል ተብሏል፡፡ ለሦስተኛው የጻፍኩትን ረቂቅ ኃላፊዋ ሁለት ጊዜ መልሰውልኛል፡፡ በመጨረሻ ስንነጋገር «ቤቱን ሳያዩት እንዴት ይሆንልዎታል?» አሉኝ፡፡ የምትወክለኝ ሴት የሕግ ባለሙያ ሄዳ እንድታየው ተስማምተናል፡፡